የጣና መጻሕፍት፣ ቅጂያቸውና ካታሎጋቸው፦ ከቁም ጸሐፊ እስከ ዲጂታል ምስል



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ዲጂታል ቴክኖሎጂ በቤተ መጻሕፍትና በሂዩማኒቲስ ትምህርት» የሚል ነው። ርእሱ ወደፊት የሚመለከት ነው፤ እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና ወደ ኋላ ዞሬ ብጀምር ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በጣና ገዳማት ዕቃ ቤቶች የተቀመጡት የብራና መጻሕፍት በየዘመኑ በምን መሣሪያ ተቀዱ? ቅጂው ወዴት ሄደ? በቅጂው ውስጥ ያለውን ለማግኘት የሚያስችለውን ዝርዝርስ ማን፣ በየትኛው ቋንቋ ጻፈው? ዲጂታል ካሜራ ወደዚህ ሐይቅ የመጣ የመጀመሪያው የመቅጃ መሣሪያ አይደለም። ከርሱ በፊት የመጡት ምን ይዘው እንደ ሄዱና ምን ትተው እንደ ሄዱ ካላወቅን፣ የአሁኑንም ለመመዘን አንችልም።

የመጀመሪያው መቅጃ የቁም ጸሐፊው ብዕር ነው። ፍየል ወይም በግ ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይወጣል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጥራዙ ይሰፋል፤ ከወራት ሥራ በኋላ አንድ መጽሐፍ በማኅደሩ ይገባል። በዚህ አሠራር ቅጂውና ቅጂውን የሚያውቀው ሰው አይለያዩም። የገዳሙ ገበዝ በዕቃ ቤቱ ያለውን ሁሉ በስሙ ያውቃል፤ የትኛው ከየት እንደተገለበጠ፣ ማን እንደ ሰጠው፣ ለማን እንደ ተዋሰ በቃሉ ይናገራል። በመጽሐፉም የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ቅጠል ላይ የባለቤቱ ስምና መጽሐፉን የሰረቀ፣ የቀማ ወይም የፋቀ ሰው በውግዘት እንዲያዝ የሚያዝ ቃል ይጻፋል። ዛሬ «ሜታዳታ» የምንለውና «የተጠቃሚዎች መመሪያ» የምንለው ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

ደሴቶቹ በሁለት ነገር ጠቅመዋል። አንደኛ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኢማም አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ከዋናው ምድር የሸሹ ንዋያትና መጻሕፍት የተጠለሉት በእነዚህ ደሴቶች ነው። ሁለተኛ፣ በዋናው ምድር የነበረው ሲቃጠል በደሴት የቀረው ለመገልበጥ ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። የኮምፒውተር ባለሙያዎቻችን ዋናውንና መጠባበቂያውን ቅጂ በአንድ ቦታ አታስቀምጡ ብለው ይመክሩናል፤ ምክሩ ለጣና መነኮሳት አዲስ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ቅጂው ቀርቶ መጽሐፉ ራሱ የሄደበት ነው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 መቅደላ ስትወድቅ ከተሰበሰቡት ወደ 350 የሚሆኑት የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ሆኑ። ስለ መቅደላ ዝርፊያ ብዙ ተብሏልና ልደግመው አልፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1877፣ ዊልያም ራይት ያሳተመው ካታሎግ ነው። ካታሎጉ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ጥንቁቅ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጎንደር መጻሕፍት ማወቅ የሚፈልግ ሰው መነሻው የለንደን የመደርደሪያ ቁጥር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የማርሴል ግሪዮል ቡድንም በጎንደር በኩል ሲያልፍ የሰበሰባቸው መጻሕፍት ዛሬ የፓሪስ ቁጥር አላቸው።

በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ማይክሮፊልም መጣ። ማይክሮፊልም ከቀደሙት የተሻለ ነበር፤ መጽሐፉ በቦታው ይቀራልና። የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ክፍል በአዲስ አበባና በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ያነሣቸው መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1970 በትምህርት ሚኒስቴር ወጥቷል። ከዚሁ ጋር በተቀራረበ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969፣ ኤርንስት ሐመርሽሚት በጀልባ ከደሴት ደሴት እየተጓዘ የጣናን መጻሕፍት በፊልም አነሣ። የመጀመሪያው የካታሎግ ጥራዝ፣ የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት የሚመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ፤ ሁለተኛው በ1977፤ ሦስተኛው በቬሮኒካ ዚክስ አዘጋጅነት በ1999። ከፎቶው እስከ መጨረሻው ጥራዝ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሦስቱም በጀርመንኛ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አንድ ተማሪ በማስታወሻው ላይ «የሐመርሽሚት ጉዞ፣ 1961» ብሎ ቢጽፍና ሌላው «1968» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አቆጣጠሩን ካልገለጹ ግን ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። በመረጃ ቋት ውስጥ «ዓመት» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ሲኖር፣ ዓ.ም ይሁን እ.ኤ.አ. የሚለይ ሁለተኛ ሣጥን ሳይኖር፣ የስምንት ወይም የሰባት ዓመት ስሕተት በጸጥታ ይገባል። ቴክኖሎጂን መማር ስል እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር መማርን ማለቴ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሐመርሽሚት በመጣበት ጊዜ በባሕር ዳር የነበረው ዋናው ከፍተኛ የትምህርት ተቋም በ1955 ዓ.ም የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነበር። ያስተምር የነበረውም ብረታ ብረት፣ እንጨት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅና የመሳሰለውን ነው። የታሪክና የግእዝ ተማሪ አልነበረውም። ስለዚህ ፊልሙ ተቀርፆ ሲያበቃ አንድ ቅጂ ይዞ «እኔ እቀበላለሁ» የሚል ተቋም በሐይቁ ዳር አልነበረም። ሰውየውን ለመውቀስ አልናገርም፤ ያልነበረውን አንባቢ ሊፈጥር አይችልም ነበር። ዛሬ ግን ሁኔታው ሌላ ነው፤ ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል።

ትልቁ የማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል ቀጥሎ፣ የደርግንም ዘመን አልፎ፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አነሣ። ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ በኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። የዚህ ሥራ ታሪክ ከአንድ ሰው ስም ጋር የተሳሰረ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም መጀመሪያ ሊይዟቸው የመጡ ወታደሮች በተኮሱት ጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምና ከአገር ወጥተው በኮሌጅቪል ተቀመጡ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ያገራቸውን መጻሕፍት በፊልም መመልከቻ አነበቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። የታተሙት አሥር የካታሎግ ጥራዞች፣ ከ1975 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የወጡት፣ የመጀመሪያዎቹን 5,000 ቁጥሮች ይሸፍናሉ። እንደ ዊልያም ማኮምበርና እንደ ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሰዎች ለአሥራ ስምንት ዓመታት ሠርተው ካሜራው ካነሣው ግማሹን ትንሽ አለፍ ያለ ነው የደረሱበት። አንድ ካሜራ በቀን ብዙ መጻሕፍትን ያነሣል፤ አንድን ስብስበ ድርሳን አንብቦ በውስጡ ምን ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን በሳምንት አንዱን ቢጨርስ ብዙ ሠርቷል። ይህ ልዩነት በዲጂታል ካሜራ ዘመን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የካታሎግ ነገር እንዲህ ያስጨነቀኝ በምክንያት ነው። የታሪክ ሰው ከወንጌል የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ወንጌሉን አይደለም። በጎጃምና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የርስት ክፍፍል፣ የመሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ የጉልት ስጦታ፣ የዕቃ ቤት ቆጠራ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ መጽሐፉ የተከበረ ስለሆነ ውሉም ይከበራልና። ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት ታሪክ በአብዛኛው የቆመው በእንዲህ ያለ የኅዳግ ጽሑፍ ላይ ነው። እሱና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ከአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጋር ተባብረው ኅዳጎቹን ፎቶ አንሥተው አንድ በአንድ ባያነቡ ኖሮ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ አካባቢ ሴቶች መሬት ይሸጡና ይገዙ እንደ ነበር በማስረጃ ለመናገር ባልቻልን ነበር። አሁን አስቡት፤ ያው መጽሐፍ በካታሎግ ላይ «አራቱ ወንጌላት፣ ብራና፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን» ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ፣ ምስሉ በዓለም ሁሉ ፊት ተዘርግቶ እያለ የሴቲቱ ውል እንደ ተደበቀ ነው። የተሸሸገ መጽሐፍና ያልተነበበ ምስል ለተመራማሪ አንድ ናቸው።

ስለ አሁኑ ዘመን ጥሩውን አስቀድሜ ልናገር። የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት የማይክሮፊልሙን ምስሎች ወደ ዲጂታል ለውጦ በበይነ መረብ የንባብ ክፍሉ ላይ አውጥቷል፤ ተመዝግቦ መግባት በነፃ ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በአለሳንድሮ ባውዚ የሚመራውና ስሙን በግእዝ «ቤተ መጻሕፍት» ያለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ እስከ 2040 እንዲዘልቅ የታቀደ ነው። የድርሰቶችን፣ የመጻሕፍትን፣ የሰዎችንና የቦታዎችን መዝገብ እርስ በርስ አያይዞ ያቀርባል፤ የጣናዎቹም በውስጡ አሉ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተአምረ ማርያምን ታሪኮች በየቅጂው እየተከታተለ ይመዘግባል። ይህ ሁሉ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር።

በተለይ አንድ ነገር በዚህ አዳራሽ ሊነገር ይገባዋል። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን ልከራከር አልመጣሁም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተሠራውን የክብራንን ባለ ሥዕል ወንጌል ግን ከባሕር ዳር ወደብ ደሴቱን በዓይኗ እያየች የምታድግ ተመራማሪ ልታጠናው የምትችለው በምስል ብቻ ነው። የሴት ተማሪዎቻችን ቁጥር በሚጨምርበት ጊዜ፣ የምስሉ መኖር ለግማሹ ክፍል የመጀመሪያው በር ነው። ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም በምሳሌ አስረዳ ብባል ከዚህ የሚበልጥ የለኝም።

ችግሩ በሩን አልፈን ፍለጋ ስንጀምር ይገጥመናል፤ ይኸውም ፊደላችን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱ ስውር ቁጥር ነበረው፤ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝርግፍ ይሆናል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም በአማርኛ የተጻፉ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች በዚያ ዓይነት ፋይል፣ በፍሎፒ ዲስክ ተቀምጠው ይገኛሉ። የታተመው ቅጂ ከጠፋ፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በብራና የተጻፈውን ለማንበብ ከሚያስፈልገን ትጋት የበለጠ የሃያ አምስት ዓመቱን ፋይል ለማንበብ ያስፈልገናል። ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ የሚሆን ነገር ሲጠይቁኝ ወደ ደሴት ከመሄዳቸው በፊት እነዚህን ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ እንዲለውጡ የማዝዛቸው ለዚህ ነው። ደስ አይላቸውም። ጀልባው ይሻላቸዋል።

ዩኒኮድም ሁሉን አልፈታም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያውን ፊደል ሰዎች በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ይጽፉታል፤ ስድስት ነው። «ሥ» ወይም «ስ»፣ «ሴ» ወይም «ሤ»፣ አንድ ላይ ወይም ተለያይቶ፤ ሁሉም ሲባዛ አርባ ስምንት አጻጻፍ ይሆናል። ለሰው ዓይን አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር አርባ ስምንት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ «መጽሐፉ የለም» ብሎ የሚነሣ ተማሪ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ከርሱ አሥር ሜትር ርቀት ላይ አለ። ቀላሉ መፍትሔ ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ አንድ አድርጎ መፈለግ ነው፤ ለአማርኛ ይሠራል። ለግእዝ ግን አደጋ አለው፤ በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ያው የሌባ ሥራ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ፊደላቱን አቀራርቦ እንዲያገኝ፣ መዝገቡ ግን በብራናው ላይ ያለውን እንዳለ እንዲይዝ ሁለት ደረጃ ያስፈልጋል። ይህን ለሶፍትዌር ባለሙያ ሊነግረው የሚችለው ግእዝ የሚያውቅ ሰው ነው። ሶፍትዌር ሠሪው አይጠይቅም፤ የግእዙ ሰው ኮምፒውተሩን ፈርቶ ርቆ ይቀመጣል። የእኛ ፋኩልቲ ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚጀምረው።

ሌላ ምሳሌ ከዜማ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ አሥር የዜማ ምልክቶችን ተቀበለ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። መልካም ነው። ነገር ግን ድጓን የገለጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ምልክት ከእነዚህ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ደቃቅ ፊደልም መሪጌታው በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ስልት የሚያስታውስ ነው። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌር ደቃቁን ፊደል ወይ ይዘለዋል፣ ወይ የቃሉ አካል አድርጎ ያስገባዋል። ባንድ የልምምድ ቀን ከከተማው የመጡ አንድ መሪጌታ የተማሪዎቹን የኮምፒውተር ውጤት አይተው «ቃሉ አለ፣ ዜማው ወዴት ሄደ?» አሉ። ከዚያም ተቀምጠው ምስሉን እያዩ አንድ ገጽ አዜሙላቸው፤ ተማሪዎቹ በስልካቸው ቀረፁ። የዚያን ቀን የተሠራው መዝገብ፣ ምስሉ፣ ጽሑፉና ድምፁ አንድ ላይ የተያያዘበት፣ እስካሁን ከሠራናቸው ሁሉ የምመርጠው ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ጊዜ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም፣ በለንደን የብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ የተፈጸመው የሳይበር ጥቃት የዲጂታል ብራናዎቹን ገጽ ለረጅም ጊዜ ዘጋው፤ ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት ምስሎችም፣ በአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራሙ ከብዙ አገሮች የሰበሰባቸውም አብረው ጠፉ። ሁለቱ ነገሮች በምክንያት አይገናኙም። ለአንድ የባሕር ዳር ተመራቂ ተማሪ ግን ውጤታቸው አንድ ነበር፤ የጎንደርን መጽሐፍ በጎንደርም በለንደንም ማየት አልቻለም። መጽሐፉን የጻፈው አገር ልጅ ምስሉን ለማየት የሁለት አህጉር ሽቦ ደኅና መሆን ሲያስፈልገው፣ ዲጂታል ማድረግ መጻሕፍቱን «ለሁሉ ከፈተ» ማለት አልችልም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ምክንያት ምስሎቹ በውጭ መቀመጣቸውን ይቃወማሉ። እኔ ከነሱ ጋር አልስማማም። ጦርነት፣ እሳትና ምስጥ በማይደርሱበት ቦታ ቅጂ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ደሴቶቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጉድለቱ በሩቅ መኖሩ ላይ አይደለም፤ በቅርብ አለመኖሩ ላይ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሰርቨር ከኢንተርኔት ውጭ በግቢው ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። ከውጭ ተቋማት ጋር የምንፈርማቸው ስምምነቶች ሙሉ ጥራት ያለው ቅጂ ለገዳሙ፣ ሌላው በባሕር ዳር እንዲቀመጥ በግልጽ ማስገደድ አለባቸው። ካታሎጉም በአማርኛ ይውጣ፤ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ስለ ራሱ መጽሐፍ የተጻፈውን አንብቦ «ይህ ስሕተት ነው» ለማለት ካልቻለ ካታሎጉ ያለ አራሚ ቀረ ማለት ነው።

የገዳማቱ አባቶች ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ እየተባለ ይወቀሳሉ። ከላይ የዘረዘርሁትን ታሪክ ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። የመጣ ሁሉ መጽሐፉን ወይም ምስሉን ይዞ ሄዷል፤ ይዞ የተመለሰ ጥቂት ነው። ተማሪዎቼ ፈቃድ ለመጠየቅ ሲሄዱ ደብዳቤ ብቻ ይዘው እንዳይሄዱ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚህ በፊት ከዚያው ገዳም የተነሣ ምስል ካለ ፈልገው፣ በሃርድ ዲስክ ጭነው፣ ለአባቶች አሳይተው ትተው ይምጡ። ይህን ያደረጉ ተማሪዎች የተቀበሏቸው አቀባበል ሌላ ነበር። አንድ አረጋዊ አባት በላፕቶፕ ላይ የቆየ የማይክሮፊልም ምስል ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መጽሐፉ አልነበረም፤ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ በጥቁርና ነጭ የወጣውን ገጹን የያዘ አውራ ጣት አይተው «ይህ የማን እጅ ነው?» አሉ። ከዚያ ተነሥተው መጽሐፉን ራሳቸው ከዕቃ ቤት አመጡ፤ ፎቶው ከተነሣ በኋላ በኅዳጉ ላይ የተጨመረ የዕቃ ቆጠራ ተገኘበት። በካታሎጉ ውስጥ የለም፤ በሚቀጥለው ወር የምናስገባው ይሆናል።

ሰዓቱም ደርሷል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።